የብሽሽት ቡአ ጥገና፦ በጠባብ ቀዳዳ ወይስ በግልጽ ቀዶ ጥገና?



በይፋት ቆላ ማሽላ የሚያጭድ፣ በሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ጆንያ የሚሸከም ሰው ቡአ ሲወጣበት ብዙ ጊዜ እብጠቱን በእጁ መልሶ ሥራውን ይቀጥላል። አንጀቱ ታንቆ አልመለስ ያለ ዕለት ግን ጣርማበርን አቋርጦ ደብረ ብርሃን መድረስ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ የጥገናውን ዘዴ ስንመርጥ ይህን ሰው አስቀድመን ልናስብ ይገባል።

በግልጽ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ብሽሽቱን ከፍቶ የላላውን የሆድ ግድግዳ በመረብ ያጠናክራል፤ ይህም የቦታ ማደንዘዣ በመስጠት ብቻ ሊከናወን ይችላል። በላፓራስኮፒ መረቡ በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ ከውስጥ በኩል ይነጠፋል። ቁስሉ ያነሰ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምም የቀለለ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኛው ሙሉ ማደንዘዣ፣ ካሜራ፣ ጋዝና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ውጤቱን አሳትሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጠገኑት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ቡአው የተመለሰባቸው በላፓራስኮፒ 10.1 በመቶ፣ በግልጽ ቀዶ ጥገና 4 በመቶ ነበሩ። የላፓራስኮፒ ታካሚዎች ወደ ተለመደ እንቅስቃሴያቸው የተመለሱት በአንድ ቀን ያህል ብቻ ቀድመው ነው። ከ250 በላይ የላፓራስኮፒ ጥገና የሠሩ ሐኪሞች ዘንድ ግን ቡአው የመመለሱ ነገር በእጅጉ ቀንሷል። እንግዲህ ከቀዳዳው ጥበት ይልቅ የሐኪሙ ልምድ ይመዝናል ማለት ነው።

የመረቡ ዋጋም እንቅፋት ሊሆን አይገባም። በኡጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአጎበር ጨርቅ የተዘጋጀ፣ ፀረ ተባይ ያልተነከረና ከጀርም የጸዳ መረብን ከፋብሪካው መረብ ጋር አነጻጽሯል። በአንድ ዓመት ክትትል በርካሹ መረብ ቡአው የተመለሰበት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ይህ ማለት ላፓራስኮፒ ለእኛ አይበጅም ማለት አይደለም። ቡአው በሁለቱም ብሽሽት ሲሆን፣ ከግልጽ ቀዶ ጥገና በኋላ ሲመለስ ወይም ታካሚዋ ሴት ስትሆን፣ ልምዱ ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ ተገቢ ነው። በአንድ ጎን ለመጀመሪያ ጊዜ ቡአ የወጣበትን ገበሬ ግን ለላፓራስኮፒ ወረፋ ብሎ ወራት ማስጠበቅ ለመታነቅ ማጋለጥ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ታካሚያችሁን «የትኛው ዘመናዊ ነው?» በሚል ጥያቄ አታስጨንቁት። የትኛውን በደንብ እንደምትሠሩ፣ መቼ እንደምትሠሩለትና ሸክም መቼ ማንሳት እንደሚችል በእውነት ንገሩት። ምርጫው የእርሱ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።