ርካሹ መኖ ስንት አስወጣን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

 

የሂሳብ ክፍል ሲነሳ ስለ ብድር ሊነገር ነው ብላችሁ ፊታችሁን እንደምታጠቁሩ እናውቃለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ዶሮ ምግብ ነው። ብድሩም የሚመለሰው በእንቁላል ስለሆነ ከሥራችን አልወጣንም።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ሪፖርታችን ላይ «ዶሮ አርቢ አባላት የመኖ ወጪ ቀነሱ» ብለን በደስታ ጽፈን ነበር፤ እናንተም አጨበጨባችሁ። የጻፍነው የወጪውን መዝገብ ብቻ አይተን ነው፤ የእንቁላሉን ደብተር ከጎኑ አላስቀመጥንም። ብድር መክፈል ያቋረጡ ሲበዙ ሁለቱን አንድ ላይ ገለጥናቸው። መኖው በረከሰ በማግሥቱ ወር እንቁላሉ ወርዷል።

ስሟን የማንጠራት አንዲት እህታችን 12 ዶሮ አላት። የተደባለቀ መኖ ስትገዛ በቀን 8 እንቁላል ትሰበስብ ነበር። ወደ በቆሎ ብቻ ስትዞር ወደ 4 ወረደ። «አረጁ መሰለኝ» ብላ ሦስቱን ለብድር መክፈያ ልትሸጥ አስራ ገበያ ስታወጣቸው አገኘናት። ዶሮዎቹ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች፤ 12ቱ 1,440 ግራም ማለት ነው። 8 እንቁላል ሲገኝ ለአንዱ እንቁላል የወጣው መኖ 180 ግራም ነው። 4 ሲገኝ 360 ግራም ይሆናል። እንግዲህ በቆሎው በግማሽ ዋጋ ቢገኝ እንኳ የአንዱ እንቁላል ወጪ ያው ነው፤ የሚሸጠው ግን በግማሽ ጎድሏል። በግማሽ ዋጋ ካልተገኘማ ኪሳራው ይብሳል። ከዛሬ ጀምሮ በደብተራችሁ ላይ «የኩንታሉ ዋጋ» ከሚለው ቀጥሎ «ለአንድ እንቁላል የወጣ መኖ» የሚል ዓምድ እንዲሰመር የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

በቆሎ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ኃይል ሰጪ ነው፤ ገንቢው ግን ከመቶ 8 ወይም 9 ብቻ ነው። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ከምትበላው ውስጥ ከመቶ 16 ያህል ገንቢ ትፈልጋለች። ደግሞ ዶሮ የምታቆመው ኃይል ሲበቃት ነው፤ በበቆሎ ትጠግብና ገንቢው ሳይሞላላት መብላቱን ትተዋለች። ስለዚህ ስትወፍር እያየን «ደህና ናት» እንላለን። አበሻ ዶሮ ግቢ ውስጥ ስትጭር ትልና ነፍሳት ለቅማ ጥቂት ታካክሳለች። ታጉራ የምትውል የፈረንጅ ዶሮ ግን እኛ ካልሰጠናት ከየትም አታመጣውም።

ገንቢው አጠገባችን ነው። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 30 ያህል ገንቢ አለው። ከወለጋ በኩል የሚመጣው አኩሪ አተር ከዚያም ይበልጣል፤ ግን በምጣድ ሳይቆላ አይሰጥም፤ ጥሬው ውስጥ ያለው ነገር ገንቢው እንዳይፈጭላት ይከለክላል። የጠላ አተላ የምትጥሉ እናቶችም አትጣሉት፤ በደንብ ደርቆ በጥቂቱ ቢቀላቀል ይጠቅማል።

ለ100 ኪሎ ያሰላነው ቅልቅል ይህን ይመስላል፤ የተፈጨ በቆሎ 50፣ የኑግ ፋጉሎ 18፣ ፉርሽካ 13፣ የተቆላ አኩሪ አተር 10፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 8 ተኩል፣ ጨው ግማሽ ኪሎ። ገንቢው ወደ 16 ይጠጋል። ጨው «ትንሽ ይጨመር» ብላችሁ በእጅ አትበትኑ፤ ሲበዛ ይገድላል። ቫይታሚኑን ከመኖ ሻጭ ማግኘት ካልተቻለ ጎመንና አልፋልፋ በየቀኑ ይሰጥ።

ስለ ኖራው ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ጥያቄ የመጣው በእሱ ላይ ነው። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ዶሮዋ ከመኖው ካጣችው ከራሷ አጥንት ትወስዳለች። ቅርፊቱ መሳሳት፣ እንቁላሉ ልል ሆኖ መውጣት፣ በመጨረሻም ዶሮዋ በእግሯ መቆም ማቃት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። አሸዋና ጠጠር ጥሬውን ለመፍጨት ነው የሚረዳት፤ ኖራን አይተካም። ግድግዳ የምንቀባበት የተቃጠለ ኖራም አይሆንም፤ አንጀቷን ያቃጥላል። ገንዘብ ካጠረ ከቤትና ከሻይ ቤቶች የእንቁላል ቅርፊት ሰብስቡ፤ ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አድቅቃችሁ ስጡ። ሳይደቅ ከሰጣችሁ የራሷን እንቁላል መብላት ትማራለች። ለጫጩት ግን ይህ ቅልቅል ክልክል ነው። ለእሷ ገንቢው ወደ 20 ከፍ ማለት አለበት፤ የጣዮች ኖራ ደግሞ ኩላሊቷን ይጎዳል።

የሻገተ በቆሎ ከብት ይብላው፣ ዶሮ ይብላው ስንል እንሰማለን። ለማንም አይሁን። የሽንኩርት ልጣጭና ተረፈ ምርትም፣ አካባቢያችን በመስኖ ስለሚያመርተው በየደጁ ቢከመርም፣ ለዶሮ አይከመር፤ ሲበዛ ደሟን ያሳንሳል። የአረንጓዴ ድንችም ልጣጭ እንዲሁ መርዝ አለው።

በዐቢይ ጾም ገዢ ሲቀንስ መኖም የሚቀንሱ አሉ፤ እኛም በገንዘብ ዓይን ስናየው ትክክል መስሎን ነበር። 55ቱ ቀን አልፎ ፋሲካ ሲደርስ፣ ዋጋው በወጣበት ሳምንት፣ ዶሮዎቹ ባዶ ሆድ ላይ ናቸው። መኖ እንደተሻሻለ እንቁላል በማግሥቱ አይመጣም፤ ሳምንታት ይፈጃል።

እርግጥ እንቁላል የሚቀንሰው ሁሉ ከመኖ አይደለም። ላባ ስትቀይር ትቀንሳለች፤ ውኃ ግማሽ ቀን ቢያጣት ትቀንሳለች፤ ፈንግል የገባበት ቤት ደግሞ መኖ አያድነውም፤ ክትባቱን በወቅቱ ማስከተብ ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር እንንገር። ለዶሮ መግዣ ሰጥታችሁናል፣ ቤቱንም ሠርተናል፤ ቄቦቹ መጣል እስኪጀምሩ ድረስ የሚበሉት ግን በጀት ውስጥ አልነበረም። አባላት ወደ በቆሎ የሄዱት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን ያ ክፍተት ገፍቷቸው ነው። በሚቀጥለው ዙር የዶሮ ቁጥር ይቀነስና የሦስት ወር መኖ በብድሩ ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብ ለኮሚቴው አቅርበናል። 12 የተራቡ ዶሮዎች ከምንሰጥ 8 የጠገቡ ብንሰጥ ይሻላል፤ እጅ ስታወጡበት ይህን አስቡ።

እህታችን ሦስቱን ዶሮዎች አልሸጠቻቸውም። የአንድ ወር ክፍያዋን አሸጋግረንላት ቅልቅሉን ጀምራለች፤ ባለፈው ሳምንት ደብተሯ 6 ላይ ነበር። መቀላቀሉ የሚካሄደው እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ገበያ በዋለ ማግሥት ጠዋት ነው። ሚዛኑ የእኛ ነው፤ ጆንያና የእንቁላል ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።