የነፍሰ ጡር እናት ማዕድ ለምን አንድ ዓይነት ሆነ?




እንደሚታወቀው በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ገበያ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ቅቤና እንቁላል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ስታመርት የከረመች ነፍሰ ጡር ማዕድ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው እንጀራ በሽሮ ነው።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ምግብን በ10 ምድብ ከፍሎ፣ ሴት በቀን ቢያንስ ከ5ቱ መመገቧን መለኪያ አድርጎታል። እንጀራው አንድ፣ ሽሮው ሁለት፣ በዛ ያለ ሽንኩርት ሦስት፣ ጎመን አራት፣ እንቁላል አምስት። በጾም ቀን ዱባ ወይም ካሮት ቁጥሩን ይሞላል፤ እንቁላሉን ግን በገንቢነቱ አይተካውም።

ታዲያ ምን ያግዳታል? መሬቱ ጠብቦ እህሉ ክረምት ሳይወጣ የሚያልቅበት ቤት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ላምና ዶሮ ባለበት ቤትም ቅቤው ለገበያ፣ እንቁላሉ ለጨውና ለቡና መግዣ ይሄዳል። የእህሉን ገንዘብ የሚይዘው በአብዛኛው አባወራው ነው። ሕፃኑ ገዝፎ ምጥ እንዳይጠናባት ምግብ ቀንሺ የምትባልም አለች። አራስ ሕፃን ቆዳ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ከወተት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እርሱ ግን በማህፀን ሳለ ቆዳውን የሚጠብቅለት የተፈጥሮ ቅባት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምክር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለሚስት ነው፤ ገንዘቡን የያዘው ባል ያለው ግን ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነው። በመሆኑም ማኅበራት የትርፍ ክፍፍል በሚያደርጉበት ዕለት ጉዳዩን በአጀንዳ ይዘው ከአባወራዎች ጋር ቢወያዩበት፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ባለሙያ ቢመድብ መልካም ነው።