የሠዓሊው ማኅደር፦ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከአባቱ ብራና እስከ ሎውተን
(ዋድላ፣ ኮን ላይ የቀረበ ዲስኩር)

ዋድላ ላይ ቆሞ መናገር ያስፈራል፤ የቅኔ አገር ሰው ሰሙን አልፎ ወርቁን ይፈልጋልና።

ርእሴ የዘመናዊው ሠዓሊ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማኅደርና የግል ታሪኩ ነው። መንገዴ ግን በብራና በኩል ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ።

አባቶቻችን መዝገብ ቤት አልሠሩም፤ ወንጌል ነበራቸው። በላሊበላ የመድኃኔ ዓለም ወንጌል ላይ ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው ርስት ተጽፏል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። ለምን ወንጌል ላይ? ምስክር ይሞታል፣ ዳኛ ይሻራል፤ ወንጌሉን ግን ካህን ይጠብቀዋል፣ ውግዘትም ያጥረዋል። ስለዚህ ባዶ የቀረው ቅጠል ሁሉ የአገር ጉዳይ ተጻፈበት።

የቤት ጉዳይም አልቀረም። ላስታ ውስጥ አንድ መሪጌታ የአባታቸውን ዳዊት አሳዩኝ። መጨረሻው ቅጠል ላይ የልጆች ልደት፣ አንበጣ የወረደበት ዓመት፣ ከዚያም የአንዲት በቅሎ ዋጋ ሰፍሯል። «የበቅሎዋስ ምን ይሠራል?» አልኳቸው። «ዋጋዋን የከፈለ አባቴ ነዋ!» ብለው ተቆጡኝ። (ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ያቺን በቅሎ አምናታለሁ።)

ገብረ ክርስቶስ የተወለደው በ1925 ዓ.ም. ሐረር ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ካህንም የብራና ሠዓሊም ነበሩ። ልጁ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ብዙ ሰው «ረቂቅ ሥዕሉ የፈረንጅ ነው» አለው። እኔ አልስማማም። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፉ አንዳንድ ወንጌሎቻችን ላይ ስቅለቱ ያለ ተሰቃዩ ተሥሏል፤ መስቀሉ ባዶ ነው፣ በላዩ በግ አለ። የሚታየውን ትቶ የሚታሰበውን መሣል ለብራና ሠዓሊ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራውን፣ ቀይ የነገሠበትን «ጎልጎታ» ስመለከት የሚታወሱኝ እነዚያ ቅጠሎች ናቸው።

ሰብሳቢው ሰዓት እያሳዩኝ ነው፤ ገና ወደ ርእሴ መግባቴ ነበር! እንግዲህ ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በደርግ ዘመን ተሰደደና በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ፣ ሎውተን ውስጥ አረፈ፤ ዕድሜው ገና 50 አልሞላም ነበር። የአባቱ ሥዕል መጽሐፉ ውስጥ ስለተሰፋ መጽሐፉ ባለበት ይኖራል፤ የልጁ ሸራ ግን ሰውዬው በሄደበት ተበተነ። ጀርመን ከቀሩት ሥራዎቹ ብዙዎቹ ተመልሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ግጥሞቹም «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ የታተሙት ከሞቱ በኋላ ነው። ስደቱን፣ ናፍቆቱን፣ ያየውን ከተማ እዚያ ታገኙታላችሁ፤ ሥዕሉን ከግጥሙ ለይቶ የሚያጠና ሰው የዳዊቱን ባዶ ቅጠል ሳይገልጥ ይመልሰዋል።

እነዚያን ግጥሞች እዚህ ካሉት የቅኔ መምህራን ጋር ቁጭ ብዬ ማንበብ እፈልጋለሁ። አሁን ግን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከወዲያ በኩል የተነሡት አባት ይጀምሩ።