በሥራ ቦታና በማኅበር ውስጥ እንዴት እንነጋገር?

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





እንዲህ ባለው ቀን ስለ ገንዘብና ስለ አዳራሽ ብዙ ይነገራል። እኛ ግን ስለ አነጋገር ጥቂት ለማለት እንወዳለን። ሱቅም ሆነ ማኅበር ካዝናው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ሰዎቹ መነጋገር ካቃታቸው ሊፈርስ ይችላልና።

ኤሪክ በርን የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ተወልዶ፣ በአሜሪካ ሲሠራ ኖሮ በ1970 ዐርፏል። ያስተማረው ትምህርት «ትራንዛክሽናል አናሊሲስ» ይባላል። ትራንዛክሽን የሚለውን ቃል እኛ ነጋዴዎች እናውቀዋለን፤ መስጠትና መቀበል ነው። እዚህ ላይ ግን የሚሰጠውና የሚመለሰው ዕቃ ሳይሆን ቃል ነው። በርን በ1963 ይህንኑ ትምህርት ስለ ድርጅቶችና ስለ ቡድኖች በጻፈው መጽሐፍ አስፍቶታል።

እንደ እርሱ አባባል በእያንዳንዳችን ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ ወላጅ፣ አዋቂና ልጅ። ወላጁ ከአሳዳጊዎቻችን የወረስነው ነው፤ ያዛል፣ ይቆጣል፣ ደግሞም ይንከባከባል። ልጁ በልጅነታችን የነበረን ስሜት ነው፤ ይፈራል፣ ያኮርፋል፣ ደግሞም ይጫወታል፣ አዲስ ነገር ያመጣል። አዋቂው አሁን ፊቱ ያለውን አይቶ ይጠይቃል፣ ያመዛዝናል። ይህ ከዕድሜ ጋር አይሄድም፤ የ60 ዓመት ሰው እንደ ልጅ ሊያኮርፍ ይችላል። ሦስቱም ያስፈልጉናል። ችግሩ ያለቦታቸው ሲመጡ ነው።

ከሱቅ ምሳሌ እንውሰድ። ባለ ሱቁ «ስንት ኬሻ ስኳር ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። ሠራተኛው «ሦስት» ቢል ነገሩ አለቀ። «ሁልጊዜ እኔን ነው የምትጠረጥረው!» ቢል ግን፣ አዋቂ ለአዋቂ የላከውን ጥያቄ ልጅ ለወላጅ መለሰው ማለት ነው። በርን ይህን የተሻገረ ንግግር ይለዋል። እንዲህ ሲሆን የስኳሩ ጉዳይ ይቀርና ጠብ ይጀመራል። ባለ ሱቁም ቢሆን ቃሉን ሳይለውጥ በድምፁ ብቻ «ሰርቀሃል» ሊል ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ማድመጥ ያስፈልጋል።

በስብሰባም ሌላ ነገር አለ። አንዱ «አባላት አይመጡም፣ ምን ይሻላል?» ይላል። «ሰዓቱን እንለውጥ» ሲሉት «ጥሩ ነበር፣ ግን ሥራ አለ» ይላል። «በስልክ እናስታውሳቸው» ሲሉት «ይሆን ነበር፣ ግን አያነሡም» ይላል። በመጨረሻ ሁሉም ዝም ይላል። በርን እንዲህ ያለውን «ጨዋታ» ብሎ ሰይሞታል፤ በ1964 የታወቀበትን መጽሐፍ የጻፈውም ስለ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ነው። ላይ ላዩን ምክር የተጠየቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን «ማንም አይረዳኝም» ነው። መውጫው ምክር መጨመር ሳይሆን «አንተስ የትኛውን ልትሞክር አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ወደ ማኅበራችን እንምጣ። ከሁሉ የሚከብደው የሒሳብ ጥያቄ ነው። «ደረሰኙ የት አለ?» ሲባል «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» የሚል መልስ ይመጣል። ወጣቶችም ታላቅን ሰው ሒሳብ መጠየቅ ነውር ይመስላቸዋል። እዚህ ናይሮቢ ልጆቻችን የሚሰሙት ስዋሂሊ ለትልቁም ለትንሹም አንድ «ዌዌ» አለው፤ አክብሮቱን «ምዜ» እና «ማማ» በማለት ይገልጻል። የእኛ አማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያለ ገና ከአፍ ሲወጣ ደረጃ ያስይዛል። ይሁን እንጂ ማክበር ማለት አለመጠየቅ አይደለም። «አባባ፣ የዚህን ወር ደረሰኝ አብረን እንይ?» ብሎ እርስዎ እያሉ አዋቂ ለአዋቂ መነጋገር ይቻላል። ታላቁም «እሺ ልጄ፣ ና እንየው» ቢሉ ክብራቸው አይቀንስም፣ ይጨምራል እንጂ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ «ማን አጎደለ?» ከማለታችን በፊት «ምን ጎደለ?» እንበል። ሁለተኛ፣ ሒሳብ በየሦስት ወሩ እንዲነበብ በደንባችን ይጻፍ፤ ደንቡ ሲጠይቅ ማንም ተጠረጠርሁ አይልም። ሦስተኛ፣ የሠራን ሰው በሰው ፊት እናመስግን። በርን ሰው ልብ ሊሉት፣ ሰላም ሊሉት ይሻል ይላል። ወንበር የደረደረውንና ወጥ የሠራችውን በስማቸው ጠርተን ስናመሰግን የምናወጣው ገንዘብ የለም።

ወገኖቻችን፤ በሰው አገር ስንኖር ከመካከላችን አንዱ ሲታመም የሚያስታምም፣ ሲሞት የሚቀብር ወይም አስከሬኑን ወደ አገሩ የሚልክ ይህ ማኅበር ነው። በአንድ ደረሰኝና በአንድ ክፉ ቃል ለሁለት ብንከፈል፣ በዚያ ቀን የሐዘንተኛውን በር ማን ያንኳኳል? ልጆቻችን የ50ኛውን ዓመት በዓል በአንድ አዳራሽ እንዲያከብሩ ከፈለግን፣ ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተከባበርን መጠያየቅን እናሳያቸው።