በከፍተኛ ቦታዎች ውሃ ውስጥ ስለሚሠሩ ጠላቂዎች ደህንነት



መሐንዲስ ግድብ ሲጠብቅ ወይም የድልድይ መሠረት ሲመረምር አንዳንድ ጊዜ ሰውን ከውሃ በታች ይልካል። ዛሬ ልናገር የምሻው በጀርባው አየር ተሸክሞ ስለሚወርደው ስለዚህ ሠራተኛ ጤንነትና ስለ እኛ ኃላፊነት ነው።

ጉዳዩ ከሙያችን ታሪክ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የሴንት ሉዊስና የብሩክሊን ድልድዮች መሠረት በታመቀ አየር ውስጥ ሲቆፈር፣ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ወደ ላይ ሲወጡ ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። የብሩክሊኑ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በ1872 በዚሁ በሽታ ተመትቶ፣ ድልድዩ በ1883 እስኪመረቅ ድረስ ሥራውን ከቤቱ ሆኖ በባለቤቱ በኤምሊ አማካይነት ይመራ ነበር። የበሽታውን ምክንያት ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ገለጠ፤ ጆን ስኮት ሃልዴንም በ1908 በደረጃ የመውጫ ሰንጠረዥ አቀረበ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ያህል ይጨምራል፤ ናይትሮጅንም በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው በዝግታ ከወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሹ ይወገዳል፤ ከቸኮለ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሆናል። ትንፋሹን ይዞ የወጣ እንደሆነም አየሩ ሰፍቶ ሳንባውን ይቀደዋል።

እኛን በተለይ የሚመለከተው ግን ከፍታ ነው። የተለመዱት ሰንጠረዦች የተዘጋጁት ለባሕር ወለል ነው። በባሕር ከ20 ሜትር የሚወጣ ሰው ከ3 ወደ 1 ከባቢ አየር ይሸጋገራል፤ ልዩነቱ 3 እጥፍ ነው። ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጣና ሐይቅ ግን የላይኛው ግፊት 0.8 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከ2.8 ወደ 0.8 ሲወጣ ልዩነቱ 3.5 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለከፍታ ያልታረመ ሰንጠረዥ ጠላቂውን ያታልለዋል። በጅቡቲ ባሕር ጠልቆ በዚያው ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስም ለተመሳሳይ አደጋ ይጋለጣል።

ሁለተኛው አደጋ ከግድቡ ራሱ ይመጣል። በ20 ሜትር ጥልቀት፣ ከበስተኋላው ባዶ የሆነ ጎንና ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ሰውን በ18 ኩንታል ኃይል ይስባል። ከዚያ የሚያላቅቀው ጡንቻ የለም።

ስለዚህ ጠላቂ ከመውረዱ በፊት በሮቹ ይዘጉ፤ ቁልፋቸውም በሥራው ኃላፊ እጅ ይሁን። ሰንጠረዡ ለከፍታው ይታረም። ጠላቂው ብቻውን አይውረድ፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አይፍጠን፤ 5 ሜትር ላይ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ንጹሕ ኦክሲጅን በዳርቻው ይዘጋጅ፤ የታመመውን ተቀብሎ በግፊት ክፍል የሚያክመው ሐኪም ቤት የት እንደሚገኝም አስቀድሞ ይታወቅ። ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት ሳያልፍ በአውሮፕላን አይጓዝ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ እነዚህ ወጪዎች በሥራው ውል ውስጥ ካልሰፈሩ በሥራው ቦታ አይገኙም። ውሉን የምናዘጋጀው ደግሞ እኛ ነን።