ለሥራ ውሻ የምግብ ስም ስለ ማውጣት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ የቀረቡት ንግግሮች ስለ ድልድይ መሠረት፣ ስለ አፈር ጠባይና ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ የሚያወሱ ስለ ነበሩ፣ የእኔ ርእስ ሲነበብ በአዳራሹ ፈገግታ መታየቱ አያስደንቅም። እኔም ራሴ ይህን ጉዳይ ከሥራ ጉዳዮች ሁሉ የመጨረሻው አድርጌ እቆጥረው ነበር። ይሁንና በኃላፊነቴ ሥር የነበረ አንድ የቀን ሠራተኛ ክንዱን ተነክሶ ካየሁ ወዲህ አስተያየቴ ተለውጧል። በተሰጠኝ አጭር ጊዜ፣ ለአንድ ግዙፍ የጥበቃ ውሻ ስም ለማውጣት ያደረግነውን ጥረት፣ ከምግብ ስሞች መካከል ለመምረጥ ስንነሣ ያጋጠመንን ችግርና ከዚህም የተገኘውን ትምህርት ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. በባሌ ደጋ በነበረ አንድ የመንገድ ሥራ ሰፈር ነው። በሰፈሩ የብረት፣ የሲሚንቶና የነዳጅ መጋዘን ስለ ነበረ፣ ገና ቡችላ ሳለ ከአካባቢው ከብት አርቢዎች የተገዛ አንድ ውሻ ከሌሊት ዘበኛው ጋር ይጠብቅ ነበር። ውሻው አድጎ ደረቱ የሰፋ፣ ድምፁ ከሸለቆው ማዶ የሚሰማ፣ ጠጉሩ ቡላ የሆነ ግዙፍ እንስሳ ሆነ። በንብረት መዝገባችን ላይ ግን የሰፈረው «ውሻ፤ ብዛት 1» የሚል ብቻ ነበር። ለሲሚንቶ ዓይነቱን፣ ክብደቱንና የገባበትን ቀን የምንመዘግብ ሰዎች፣ ሰው ሊጎዳ ለሚችል ሕያው ፍጡር መጠሪያ እንኳ አላበጀንለትም። ከዚህም የተነሣ ዘበኛው «አንተ»፣ ሾፌሮቹ «ነብሮ»፣ ወጥ ቤቷ «ቡቺ» ይሉት ነበር፤ መካኒኩ ደግሞ በፉጨት ይጠራው ነበር።

አንድ ምሽት ካፖርቱን ረስቶ የሄደ የቀን ሠራተኛ ተመልሶ በአጥሩ በኩል ገባ። ውሻውም ተወረወረበት። በአቅራቢያው የነበርነው አራት ሰዎች አራት ዓይነት ጩኸት ጮኽን። አንዱ «ተው!» አለ፤ ሁለተኛው «ና!» አለ፤ እኔ «ቁም!» አልሁ፤ አራተኛው ግን ውሻውን እንዲይዘው ለዘበኛው ሲነግር «ያዘው! ያዘው!» እያለ ጮኸ። ውሻ ይህን ቃል እንዴት አድርጎ እንደሚተረጉመው ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። የሠራተኛውን ቁስል ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ካጠብን በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱንም እስከ መጨረሻው ተከታትሎ በደኅና ዳነ።

በማግሥቱ የሠራተኞቹ ተወካዮች መጥተው ውሻው እንዲገደል ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የሚነቀፍ አልነበረም፤ የሰው ደኅንነት ከማንኛውም ንብረት ይቀድማልና። ነገር ግን ሰው የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ መታየት ስለሚገባው፣ ውሳኔው እስከዚያ እንዲቆይ ተስማማን። ስም የማውጣቱ ነገር የተነሣው በእነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ነው።

ጥያቄው ለዓለም አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ዘኖፎን ስለ አደን በጻፈው መጽሐፍ፣ የውሾች ስም ለመጥራት እንዲመች አጭር ይሁን ሲል መክሮ ብዙ ስሞችን ለናሙና ዘርዝሯል። ከልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላም፣ ውሻው ሲጠራ ፈጥኖ እንዲሰማ ስሙ እንዳይረዝም፣ ሆኖም ከሁለት ቀለም እንዳያንስ አሳስቧል። የዘመናችንም ምርምር ይህን የሚያጠናክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሪኮ የተባለ ውሻ በጀርመን ከ200 በላይ ዕቃዎችን በስማቸው እንደሚለይ ተገለጸ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ቼዘር የተባለች በአሜሪካ ከ1,000 በላይ የዕቃ ስሞችን መማሯ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 የቡዳፔስት ተመራማሪዎች እንዳሳዩትም፣ የውሻ አንጎል ቃሉንና የድምፁን ቃና ለየብቻ ይመረምራል፤ የደስታ ምላሽ የሚሰጠውም የሙገሳ ቃል በሙገሳ ቃና ሲነገረው ነው። እንግዲህ የእኛ ውሻ የማስተዋል ጉድለት አልነበረበትም። የተሳሳተው ምልክት ሰጪው ወገን ነበር።

ወደ ምርጫው ስንገባ በመጀመሪያ የትኛውን የስም ወገን እንደምንተው ተነጋገርን። የሰው ስም ለውሻ ማውጣት በአገራችን ስድብ ነውና አላነሣነውም። «ነብሮ»፣ «እሳት» የመሳሰሉት ስሞች ደግሞ ቀድሞውኑ የፈራውን ሠራተኛ ይበልጥ ያስፈራሉ፤ የፈራ ሰው ይሮጣል፤ ሲሮጥ ያየ ውሻም ይከተላል። በዚህ ጊዜ ወጥ ቤቷ «የምግብ ስም አውጡለት፤ ምግብ የማያውቅ የለም» አለች። አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች በአንድነት በሚሠሩበት ሰፈር ይህ ቀላል ምክር አልነበረም።

በመጀመሪያ «ዳቦ» የሚለው ስም ቀረበ። ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም በየማለዳው በቁርስ ሰዓት 60 ጊዜ የሚጠራ ቃል ስለ ሆነ፣ ውሻው ቀኑን ሙሉ በከንቱ ሲጠራ ሊውል ነው። «ቆሎ» ደግሞ አነሣሡ «ቁም» እና «ቁጭ በል» ከሚሉት ትእዛዞች ጋር ይመሳሰላል። «ድፎ» ለግዙፍነቱ የሚስማማ ነበር፤ ነገር ግን የ«ፈ» ድምፅ በነፋስ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። ሁላችንም የወደድነው «ቡላ» የሚለውን ነበር። ከእንሰት የሚዘጋጀው ምግብ ስም ከመሆኑም በላይ የውሻው ጠጉር መልክም ነው፤ በ«ላ» ስለሚጨርስም ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። ስሙን በመዝገብ ልጽፍ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ግን መካኒኩ ከጓሮ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራውና «ምን ሰማችሁ?» ሲል ጠየቀን። ሦስታችን የሰማነው «ብላ!» የሚል ነበር። ጥርሱ ለሚፈራ ውሻ በጨለማ «ብላ!» ብሎ መጮኽ ምን እንደሚያስከትል ለመገመት አያዳግትም። በወረቀት ላይ እንከን የሌለው ንድፍ በመስክ ሲሞከር እንደሚፈርስ ሁሉ፣ «ቡላም» በአንድ ጥሪ ወደቀ።

ከዚህ በኋላ ነው እስከዚያ ዝም ብለው ሲያደምጡ የነበሩት የሌሊቱ ዘበኛ የተናገሩት። እኒህ አዛውንት በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው በባታቸው ላይ ያለውን አሮጌ የንክሻ ጠባሳ አሳዩን፤ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ ይዘው ከደጅ ደጅ ሲዞሩ የተነከሱት ነው።

«ኢንጂነር» አሉኝ፤ «እኔ ፊደል የቆጠርሁት በእመቤታችን ስም እህል እየለመንሁ ነው። እህልም ስምም ለእኔ ቀላል ነገር አይደሉም። ይህን ውሻ ነገ የተናደደ ሁሉ ይረግመዋል፤ በድንጋይ ይመታዋል። የእህል ስም ካወጣችሁለት የሚሰደበው እህሉ ነው።»

«ታዲያ አባባ፣ የምግብ ስም ይቅር ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይቅር አላልሁም። ስሙን የጠራ ሰው እንዳይሰድበው፣ እንዳይመታው ቃል ይግባ ነው የምለው። ያን ጊዜ እህሉም አይነካም፤ ውሻውም ይሰማል።»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰሞን ስለ ውሻ አሠለጣጠን ያነበብሁት ዋና ሕግ ይኸው ነበር። የውሻ ስም በቁጣና በቅጣት ጊዜ ከተጠራ፣ ውሻው ስሙን ከክፉ ነገር ጋር ያዛምደዋል፤ ሲጠሩትም በመምጣት ፈንታ ይሸሻል። ሠልጣኙ ከመጽሐፍ፣ አዛውንቱ ከእህል ክብር ተነሥተው ከአንድ ቦታ ደረሱ። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የወደቀ እህል እንዳይረገጥ ያነሣል፤ ስለዚህ ይህን ሕግ ለሠራተኞቹ ለማስረዳት ረጅም ስብሰባ አላስፈለገኝም።

የመጨረሻውን ስም ያወጡትም እርሳቸው ናቸው፤ «ጭኮ» አሉ። ጭኮ ከተቆላ የገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚለወስ፣ ሳይበላሽ የሚቆይ የመንገደኛ ስንቅ ነው። በአርሲና በባሌ ኦሮምኛ ተናጋሪውም «ጩኮ» እያለ የሚያውቀው በመሆኑ ለማንም እንግዳ አልነበረም። ሁለት ቀለም ብቻ አለው፤ «ጭ» ጠንካራ ድምፅ ስለ ሆነ ከሞተር ጩኸት መካከል ይለያል፤ በሰፈራችንም በየቀኑ የሚበላ ስላልሆነ በከንቱ አይጠራም። «ቁጭ በል» ከሚለው ትእዛዝ ጋር አንድ ድምፅ ይጋራል፤ ነገር ግን በትእዛዙ የቃሉ መድረሻ፣ በስሙ ግን መነሻ በመሆኑ በሙከራችን ጊዜ ግርታ አልፈጠረም።

10ሩ ቀን አልፎ ውሻው ጤነኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ተወካዮቹን ሰብስቤ፣ ለአንድ ወር እንዲታገሡንና ውሻው ካልታረመ ጥያቄያቸው እንደሚፈጸም ቃል ገባሁላቸው። ዘበኛው በየምሽቱ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራሉ፤ ዞር ሲል ቁራሽ ይሰጡታል። የምግብ ስም ያመጣብን አንድ ያልታሰበ ችግር ቢኖር፣ ሠራተኞቹ ስሙን እየጠሩ ፍርፋሪ መወርወር መጀመራቸው ነው። ከማንም እጅ የሚበላ ጠባቂ ከሌባም እጅ ይበላል። ስለዚህ ከዘበኛው በቀር ማንም እንዳያበላው አዘዝን።

ወሩ ከመሙላቱ በፊት አንድ እረኛ ልጅ የጠፋችበትን ፍየል ሲፈልግ በምሽት ወደ አጥሩ ተጠጋ። ጭኮ እንደ ልማዱ ተወረወረ። በዚህ ጊዜ ከእኛ መካከል የጮኸ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛው ብቻ «ጭኮ!» አሉ። ውሻው በሩጫው መካከል አንገቱን መለሰ፣ ቆመ፤ እየተጎማለለም ወደ እርሳቸው መጣ። በማግሥቱ የግድያውን ጥያቄ በመጀመሪያ ያነሣው፣ ክንዱን የተነከሰው ሠራተኛ ራሱ መጥቶ ጥያቄውን ማንሣቱን ነገረኝ።

መዝገባችንም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። «ውሻ፤ ብዛት 1» በሚለው ፈንታ ስሙ፣ ጾታው፣ መልኩ፣ ኃላፊውና የክትባቱ ቀን ተጻፈ። ይህ የጽሕፈት ቤት ጌጥ አይደለም። በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውሻ የሚተላለፍ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በባሌ ተራሮች ደግሞ ከለማዳ ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1992ና በ2003 ብርቅዬውን ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። ስም የሌለው ውሻ ክትባቱን የሚያስታውስለት፣ ሲነክስም ኃላፊነቱን የሚወስድለት ሰው አይኖረውም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በየመስኩ እንዲህ ያለ ጠባቂ አላችሁ። ስትመለሱ መዝገባችሁን ተመልከቱ፤ ስም ከሌለው ስም አውጡለት። ከማውጣታችሁ በፊት ግን ስሙን በነፋስ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ጥሩትና ሌላ ሰው ምን እንደ ሰማ ጠይቁ፤ የሌሊት ዘበኛችሁንም ሐሳብ አድምጡ። እኔ የምሕንድስና ትምህርቴን በዩኒቨርሲቲ ብጨርስም፣ ስም የወጣለት ለውሻው ቢሆንም ቃል የሚገባው ሰው መሆኑን የተማርሁት ከእኒያ አዛውንት ነው።