ንግሥቶቹን መቼ እንበላላ?

(በሠፈራችን ማኅበር የቼዝ ክበብ ከተሰጠ ንግግር)



በእሑድ ጨዋታዎቻችን አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። ተጫዋቹ በፈረስ ወይም በጳጳስ ይበልጣል፤ ተመልካቹም «በቃ፣ አለቀ» ይላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ጨዋታው አቻ ይወጣል፤ ይባስ ብሎም የበለጠው ይሸነፋል። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ንግሥቷ ናት። ወይ ያለጊዜዋ ለውጧታል፣ ወይ መለወጥ ሲገባው ሰስቶላታል። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነበር የሚራመደው።

ሒሳቡን እንይ። ንግሥት 9፣ ግንብ 5፣ ፈረስና ጳጳስ እያንዳንዳቸው 3፣ ወታደር 1 ተብሎ ይገመታል። 12 ለ9 እየመራን ንግሥቶቹ ቢበላሉ 3 ለባዶ ይቀራል። የተበለጠ ሰው ተስፋው ንግሥቱ ናት፤ ቼክ እያለ ንጉሣችንን ሲያንከራትት ውሎ አቻ ያስወጣል። ንጉሣችን ከተጋለጠ እንግዲህ ምን እንጠብቃለን? እንለውጥ። ከ1921 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ በልጦ ሲገኝ ጨዋታን ማቅለል ያውቅበት ነበር።

ታዲያ ሁልጊዜ ይለወጥ? የለም! አስቀድመን ሁለቱን ንግሥቶች በሐሳባችን ከሰሌዳው እናንሣና የቀረውን እንይ። ወታደር ካልቀረን፣ ንጉሥ ከአንድ ፈረስ ወይም ከአንድ ጳጳስ ጋር ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት አያደርግም፤ ያ ሁሉ ብልጫ ከንቱ ነው። አንድ ወታደር ቢተርፈንም፣ በዳር መስመር የሚሄድ ሆኖ ጳጳሳችን የሚነግሥበትን ማዕዘን ቀለም የማይረግጥ ከሆነ፣ የተጋጣሚ ንጉሥ እዚያ ማዕዘን ከገባ ማንም አያስለቅቀውም። የእኛ ጳጳስ በነጭ፣ የእሱ በጥቁር ቤት የሚሄድ ሆኖ ሌላው ካለቀም የአንድ ወታደር፣ አንዳንዴም የሁለት ብልጫ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ትልልቁን እንበላላ እንጂ ወታደሮቹን አንጨርስ።

ደግሞ የተጋጣሚ ንጉሥ ሜዳ ላይ ወጥቶ ንግሥታችን እያባረረችው ከሆነ ለምን ትለወጣለች? መልሶ የሚበላው ጠጠር የት እንደሚያርፍም ልብ እንበል፤ በዚሁ ሰበብ የተጋጣሚን ግንብ ክፍት መስመር ላይ አውጥተን የምናስቀምጥ ብዙ ነን።

በመጪው እሑድ በ9 ሰዓት ሁለት ሰሌዳ እንደረድራለን። በሁለቱም ፈረስና አራት ወታደር ለአራት ወታደር ይጫወታሉ፤ በአንደኛው ንግሥቶቹ አሉ፣ በሁለተኛው የሉም። ሕፃናቱ ቀድመው ይቀመጡ፤ እኛ ትልልቆቹ ቆመን እናያለን።